ዋርሳዬ ዘመኑ እና የበሽታው ደንብ

ዋርሳዬን ዘመኑን የሚያውቀው ሁሉ የሚያውቀው በምላሱ ነው። ላሊበላ ላይ ቱሪስት የሚያስጎበኝ ሰው ምላስ አያጣም፤ ዘመኑ ግን ከምላሱ በቀር የሚሠራ አካል አልተፈጠረለትም። የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ባሌ ምስጋኑ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ከወሩ ሃያውን ቀን መንገድ ላይ ነው፤ ዘመኑ ደግሞ ሠላሳውንም ቀን እኔ ቤት ነው። ስንጋባ «ሥራ እስኪይዝ» ተብሎ የገባ ልጅ ሥራ ያዘ፣ ሥራ ለቀቀ፣ ጢም አበቀለ፣ አልወጣም።

የተወለደው ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ፣ ገብስና ባቄላ ከሚዘራ ቤት ነው። አባቱ ቄስ እንዲሆንላቸው ብለው ለየኔታ ሰጡት። ዳዊት ደገመ፤ ጾመ ድጓ ላይ ሲደርስ «ድምፄ እምቢ አለኝ» ብሎ ጠፍቶ መጣ። ውሸቱን ነው። ያ ድምፅ ዛሬ ፈረንጅ ፊት ሲከፈት ማዶ ሰፈር ድረስ ይሰማል። እምቢ ያለው ወገቡ ነበር። ከዚያ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባና እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ጠጥቶ ሒሳቡን ተፋው፤ አሥረኛ ክፍል ላይ ፈተና ጣለው። አናጢነት ጀመረ፣ ተወ። ፎቶ አንሺነት ጀመረ፣ ካሜራው ጠፋ። በመጨረሻ የአስጎብኚ ባጅ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። እስከዚያን ጊዜ ድረስ ጀምሮ ሲጨርስ ያየሁት ነገር ቢኖር የእኔን ሽሮ ነው።

እኔ ሰብሌ እባላለሁ፤ ነርስ ነኝ። ይህ በሆነበት ጊዜ የአንድ ጤና ጣቢያ የሳንባ ነቀርሳ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ስል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ፤ ክፍሉ ማለት አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ የውሃ ጀሪካንና እኔ ነን። በሽተኛው ስምንት ወር ክኒን ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በየቀኑ ጠዋት እየመጣ፣ በባዶ ሆዱ፣ እኔ እያየሁት ይውጣል። ከምላሱ ሥር ደብቆ ወጥቶ የሚተፋ ስላለ አፉን አስከፍቼ በባትሪ አያለሁ። እስከ አራት ሰዓት ያልመጣ በሩ ይዘጋበታል። ሰው እንደማይታመን የተማርኩት እዚያ ክፍል ነው፤ ዘመኑን ቤቴ ሳስቀምጥ ደግሞ አረጋገጥኩት።

ነገሩ የተጀመረው በ1999 ክረምት ነው። አገሩ ሁሉ ሚሊኒየሙን ለመቀበል ባነር ይሰቅላል፤ ላሊበላ ጭጋግ ውስጥ ናት። አውሮፕላን ይመጣል፣ ከላይ ይዞራል፣ ይመለሳል። ከመጨረሻዎቹ ቱሪስቶች አንዱ፣ ጢሙን የጎነጎነ ረጅም ፈረንጅ፣ በረራው እየተሰረዘበት ሦስት ቀን ሆቴል ውስጥ ተቀመጠ። ቢጨንቀው ለዘመኑ ጨዋታ አስተማረው። ሲሄድም ወፍራም መጽሐፉንና አንድ ከረጢት ዳይስ ትቶለት ሄደ። እኛ የምናውቀው ባለ ስድስት ፊቱን ነው፤ ይኸኛው ባለ ስምንት፣ ባለ አሥራ ሁለት፣ ባለ ሃያ ፊትም አለበት።

ጨዋታው እንደ ዳማ ሰሌዳ የለውም። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የሌላ ሰው ስምና ኑሮ ይይዛሉ። ተራኪው «ወንዙ ሞልቶ ደረሳችሁ፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ተጫዋቹ «እሻገራለሁ» ካለ ዳይስ ይጥላል፤ ትልቅ ቁጥር ከወጣለት ተሻገረ፣ ትንሽ ከወጣበት ወንዙ ወሰደው። እንግዲህ ሚስትና ልጅ ያላቸው ሰዎች ቁጭ ብለው የሚውሉት በዚህ ነው። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል፤ የክረምት አስጎብኚ መቅደዱን እንጂ መስፋቱን አያውቅም።

ዘመኑ የፈረንጁን ዘንዶና ግንብ አውጥቶ ጣለና የራሱን አገር ከተተበት። ተጫዋቾቹ ለገና ወደ ላሊበላ በእግር የሚመጡ ተሳላሚዎች ሆኑ፤ መነሻው ራያ፣ መካከሉ ሽፍታ፣ በረዶና የሞላ ወንዝ። ይህን ሁሉ የምሰማው ምሳ ሳቀርብለት ነው። አንድ ቀን ጉርሻውን ሳይውጥ፣ «እትዬ ሰብሌ፣ በሽታ ቸገረኝ» አለኝ።

«ምንህን ነው?» አልኩት።

«እኔን አይደለም፣ ጨዋታውን! ያን ሁሉ አገር በእግሩ የሚያቋርጥ ሰው ሳይታመም ይደርሳል እንዴ? ደንብ ጽፌለታለሁ፤ አንቺ የሕክምና ሰው ነሽ፣ እስቲ እይልኝ።»

ደብተሩ ላይ የነበረውን እንዳለ ልንገራችሁ። «ተስቦ፦ ሁለት የጉልበት ነጥብ ይቀንሳል፤ አንድ ሌሊት ተኝቶ ሲነሣ ይመለስለታል። እከክ፦ ሲያክ አንድ ተራ ያልፈዋል። ሳንባ ነቀርሳ፦ ሲያስል የመንገድ ሽፍታ ድምፁን ይሰማል፤ ማር ከላሰ ይድናል።»

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ተናደድኩ። «ሳንባ ነቀርሳ በማር? ለመሆኑ ይሄ ሰውዬ መታመሙን በያዘው ደቂቃ ያወቀው ማን ነግሮት ነው? ጓደኞቹስ? አብረውት እያደሩ፣ ትንፋሹን እየማጉ በሽታው እነሱን የሚዘላቸው መላእክት ስለሆኑ ነው? እንዲህ ያለ በሽታ ቢኖርማ እኔም እንዳንተ ቁጭ ብዬ እበላ ነበር።»

«እንግዲያው አንቺ ጻፊዋ» አለኝ፤ ስድብ የማይገባው ፍጡር።

«እኔ ሥራ አለኝ» አልኩትና ሳህኑን አነሣሁበት።

በማግስቱ የሥልጠና መመሪያዬ ከመደርደሪያው ላይ ጠፋ። ሌባውን ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገኝም። ቅዳሜ ከሰዓት ጃንጥላ ይዤ ወደ ሆቴሉ ወረድኩ። ሆቴሉ ለክረምት ተዘግቶ ዘበኛው ሞላ ብቻውን ይጠብቀው ነበር፤ የሰነፎቹ ጉባኤ የሚሰበሰበው በረንዳው ላይ ነው። ዘመኑ መመሪያዬን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተራኪ ሆኖ ተቀምጧል። በአንድ በኩል ሞላ አለ። አጠገቡ የጨርቅ ነጋዴው ጋሽ አብዱልሀሚድ፤ ገበያው በዝናብ ስለሞተበት ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። አራተኛው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ቀና ሲል አየሁት፤ ዲያቆን ሰይፈ ሥላሴ ነው።

ይህን ሰው ሃያ ቀን ፈልጌዋለሁ።

በግንቦት መጨረሻ አክታው ተመርምሮ ሳንባ ነቀርሳ የተገኘበት የእኔ በሽተኛ ነው። ዕድሜው ሃያ ስድስት፣ ባለ ትዳር፣ በሚቀጥለው ዓመት ቅስና ሊቀበል የሚጠብቅ። ሦስት ሳምንት እየመጣ ዋጠ። ከዚያ አንድ ሳምንት ጠፋ። ሲመለስ ልክ ልኩን ነገርኩት፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ሁለት ሳምንት ደግሞ መጣ፣ ሳሉ ተወው፣ ፊቱ ሞላ፣ በዚያው ቀረ። መዝገቡ ላይ ያስመዘገበው ሰፈር ብሄድ እንዲህ ያለ ሰው አናውቅም አሉኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የእኛ ሰው ግን አድራሻውንም ይደብቃል። በዚያ ላይ ግምገማ ደርሷል፤ ስንት አቋረጡ ተብዬ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ከግምገማው በላይ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። ክኒኑን በመካከል ያቋረጠ ሰው ሳሉ ይመለስበታል፤ ሲመለስ ደግሞ ያው ክኒን ላይሰማው ይችላል። ይህ ልጅ ካልተመለሰ ይሞታል።

ሲያየኝ ዓይኑ ለመነኝ። ምን ብሎ እንደለመነኝ ገብቶኛል። የበሽተኛን ገመና ማውጣት ክልክል ነው፤ «እስቲ አንዴ ና» ብዬ ብጠራው እንኳ ሦስቱ ወዲያው ያውቃሉ፣ የምን ክፍል ኃላፊ እንደሆንኩ ከተማው ያውቃልና። ዲያቆኑ ሳንባው ታሟል ከተባለ ደግሞ መቅደስ መግባቱ ወሬ ይሆናል። በሽታው የሚተላለፈው በትንፋሽ እንጂ በዕቃ አይደለም ብዬ ብምል ማን ይሰማኛል? ጽዋውን ይዞ ሲወጣ ሰው ወደ ኋላ ይሸሻል።

ስለዚህ መመሪያዬን ከዘመኑ ጉልበት ላይ መንጭቄ ወንበር ሳብኩ። «ደንቡን እኔ አወጣለሁ» አልኩ። ዘመኑ በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረው። ሞኝ ነው፤ ለእሱ የመጣሁ መሰለው።

የመጀመሪያው ደንቤ፦ በሽታ የያዘው ሰው ወዲያው አያውቅም። ተራኪው ብቻ የበሽታ ስም የተጻፈበት ካርድ ስቦ ያያል፣ ገልብጦ ያስቀምጠዋል፣ የመንገዱን ቀን ይቆጥራል። ሁለተኛው፦ ከታመመው ጋር አንድ ቤት ያደረ ሁሉ በየሌሊቱ ዳይስ ይጥላል። ሦስተኛው፦ መድኃኒቱ በየቀኑ ጠዋት ነው፤ ያቋረጠ ሰው ከአንድ ይጀምራል። ሦስተኛውን ስናገር ዳይሱን እንጂ ማንንም አላየሁም። ሰይፈ ሥላሴ ጋቢውን አስተካከለ።

መጫወት ጀመሩ። እነዚህ ሰዎች በጨዋታ እንኳ ራሳቸውን መሆን አይወዱም። ሞላ በዘበኝነቱ ሰልችቶ ፊታውራሪ ሆኗል። ሰይፈ ሥላሴ የጨው ነጋዴ ነው። ጋሽ አብዱልሀሚድ፣ የሃጂ ልጅ፣ የአምስት ወቅት ሰጋጅ፣ ቀዳሽ ዲያቆን ልሁን ብሎ ሙጭጭ አለ። «እድሜ ልኬን የምሸጥላቸው ነጠላ ምን እንደሚያደርግ ልየዋ» አለ። ካርዱም የወጣው ለእሱ ሆነ።

በአራተኛው ቀን መንገድ ዘመኑ፣ «ጋሽ አብዱልሀሚድ፣ አንቱ ያስልዎታል» አለው።

«ብርድ ነው» አለ ጋሽ አብዱልሀሚድ ወዲያው። ማንም አላስጠናውም። በስድስተኛው ቀን ደም ሲተፋም «የመንገዱ አቧራ ነው» አለ። ሞላ ሌሊቱን ዳይስ ጥሎ ለጥቂት ሲያመልጥ ብድግ አለ፤ «ይሄ ሰውዬ ከበረት ይደር! እኔ ፊታውራሪ ነኝ፣ ከሳላም ጋር አላድርም!» ከበረት አሳደሩት። በማግስቱ ከበረትም አስወጥተው ዝናብ ላይ ጣሉት። ጋሽ አብዱልሀሚድ በሳቅ እያለቀሰ፣ «ወላሂ፣ ዳግመኛ ብታመም አልናገርም» አለ። እኔ አልሳቅሁም። በውሸት በሽታ እንዲህ የሚሆኑ ሰዎች በእውነተኛው ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለውን ሕዝብ አስተምራለሁ ብዬ ስንት ዓመት ጉሮሮዬን አደረቅሁ። ሰይፈ ሥላሴም አልሳቀም።

«ሐኪም ቤት ደረስክ» አልኩት ጋሽ አብዱልሀሚድን፣ ከተራኪው ቃሉን ነጥቄ። «ክኒን ተሰጠህ። እዚያው ከተማ ትቀመጣለህ፤ በየቀኑ ጠዋት እየመጣህ ትውጣለህ። አንድ ቀን የቀረህ እንደሆነ ዳይስ ትጥላለህ።»

ጋሽ አብዱልሀሚድ አገጩን አሸ። የያዘውን ሰው ከምር ነው የያዘው፤ ነጋዴ ነውና የገባበትን ነገር ውሉን ይጠይቃል። «ቆይ እስቲ። የኔ ሰው ቀዳሽ ነው። እናንተ የቅዳሴ ለት ከመቅደስ በፊት ትበላላችሁ? ሰይፈ፣ ዲያቆን ጠዋት ክኒን በውሃ ይውጣል?»

ሰይፈ ሥላሴ ጋቢውን ከአፉ ላይ አወረደ። «አይውጥም» አለ። «ሰሞን የገባ፣ የቅዳሴ ተራው የደረሰ ዲያቆን ከዋዜማው ጀምሮ ጠብታ ውሃ አይቀምስም። ሰሞን ሳምንት ነው። የሰኔ ጾም ላይ ከሆነ ቅዳሴው የሚወጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ውሃ ከቀመሰ መቅደስ አይገባም። ለምን አልገባህም ይሉታል። ምን ብሎ ይመልሳል?»

ያ የጠፋበት አንድ ሳምንት ሰሞኑ ነበር። ተራው ሲደርስ ቀረ፣ ሲመለስ ሰደብኩት፣ ሁለተኛ ተራው ሲደርስ ያንን ስድብ ከሚሰማ ጨርሶ ቀረ። እኔ ደግሞ ስንፍና ብዬ ጽፌበታለሁ። እዚሁ ክርስትና የተነሣሁ፣ እዚሁ ያደግሁ የላሊበላ ሰው ነኝ፤ ቀዳሽ እንደማይቀምስ ሕፃን ሆኜ አውቃለሁ። ነጩን ጋወን ስለብስ የማላውቀው ሆንኩ።

እንዲያም ሆኖ አፌ አልተሸነፈም። «ደንቡ ጠዋት ይላል» አልኩ።

«ማነው ያለው?» አለ ዘመኑ።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን ጠዋት?»

«በባዶ ሆድ መዋጥ ስላለበት ነዋ!»

ዘመኑ እርሳሱን ጆሮው ላይ እንደሰካ ትኩር ብሎ አየኝ። «እትዬ፣ ከዋዜማ ጀምሮ ጦሞ፣ ቀድሶ በዘጠኝ ሰዓት የወጣ ሰው ሆዱ ከማን ሆድ ይሞላል? ከእሱ የባሰ ባዶ ሆድ ከየት ታመጪያለሽ?» አለና እርሳሱን አውርዶ «ጠዋት» የሚለውን ሰረዘው። በላዩ ላይ፣ «በቀን አንድ ጊዜ፣ በባዶ ሆድ፣ ሰውየው በሚችልበት ሰዓት» ብሎ ጻፈ። «አለቀ። ጋሽ አብዱልሀሚድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ይዋጡ። ሞላ፣ ተራህ ነው።»

ጾመ ድጓ ያልጨረሰ፣ አሥረኛ ያላለፈ፣ ሽሮዬን የሚበላ ሰው ነው ይህን ያደረገው፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ጤና ጣቢያው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ክፍት ነው። ከሰዓት በኋላ ማንም እንዳይመጣብኝ ያልኩት መዝገቤን በጸጥታ ለመሙላት እኔው ነኝ፤ ከላይ የመጣ ትእዛዝ አይደለም። ወደ ጋሽ አብዱልሀሚድ ዞሬ፣ ግን ለማን እንደምናገር እያወቅሁ፣ «ሐኪሟ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም ትኖራለች» አልኩ። «ማንም ሳይኖር ይምጣ። አትቆጣውም።»

ዘመኑ ያን የበሽታ ደንብ ጨረሰው። ተጫዋቹን ሁሉ እየጠየቀ፣ እኔን እየነዘነዘ፣ ተስቦንም ትራኮማንም አስገብቶ አርባ ገጽ ደብተር ሞላው። እስከ ዛሬ ክረምት በመጣ ቁጥር አስጎብኚዎቹ በእሱ ደንብ ይታመማሉ፣ በእሱ ደንብ ይድናሉ። ከእኔ ቤት ግን አሁንም አልወጣም።

ሰኞ ከሰዓት ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም። ይሄ ፈሪ፣ ይሄ ደካማ እያልኩ በልቤ ሰደብኩት፤ ስሰድበው ይቀለኛል። ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። ሰይፈ ሥላሴ ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል፣ ነጠላውን እንዳጣፋ ነው። ሰሞን ገብቶ ከቅዳሴ መውጣቱ ነበር። ከኋላው ሚስቱ ወለተ ሩፋኤል ቆማለች። አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳለች።

ለሁለቱም የአክታ ዕቃ ሰጠኋቸው። ለእሱ ውጤቱ እንደመጣ ከአንድ እንደሚጀምር፣ በዚህ ላይ ሁለት ወር መርፌ ሊጨመርበት እንደሚችል ነገርኩት። «እሺ» አለ። ሚስቱ ከመቼ ጀምሮ እንደምትስል ስጠይቃት «ብርድ ነው» አለችኝ፤ በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። መቆጣት የለብኝም ብዬ ቃል የገባሁትን ረሳሁ።

«አንተ ሰው» አልኩት፣ «ይህን ሁሉ መዘዝ ከምታመጣ ያን ጊዜ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? አፍ የለህም?»

ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ የለበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

«ጠይቄዎት ነበር እኮ፣ ሲስተር» አለኝ። «በመጀመሪያው ቀን። ሰሞን ሲደርሰኝ ከቅዳሴ በኋላ ብመጣስ አልኩዎ። "እዚህ ቤት ቀዳሿ እኔ ነኝ" አሉኝ። ሰልፍ የያዘው ሁሉ ሳቀ።»

ይህን ማለቴን አላስታውስም። አነጋገሩ ግን የእኔ ነው።